ዓመት ሲቆጠር፣ አንባቢ ሲቆጠር

በየጊዜው የሚወጣ ጽሑፍ፣ ጋዜጣም ሆነ መጽሔት ወይም አንድ ሰው ብቻውን የሚሞላው ዓምድ፣ ዓመት ሲሞላው ወደ ኋላ ዞሮ የተወደዱለትን ጽሑፎች ማንሣቱ የተለመደ ነው። አዘጋጁ እስከዚያ ቀን ያወጣውን ሁሉ ይዘረጋል፤ አንባቢ አብዝቶ ያነበበውን፣ ደብዳቤ የጻፈበትን፣ ቆርጦ ያስቀመጠውን ይለያል፤ ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ጥቂት ይላል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ውስጡ ግን ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበዋል። ብዙ ሰው ያነበበው የትኛው ነው? ጸሐፊው ራሱ የሚኮራበትስ? ከሠላሳና ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈለገውስ የትኛው ይሆናል? ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚገጥሙበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ዓመት ቆጥሮ ቆም ማለት ራሱ የቆየ ልማድ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ኢዮቤልዩ የሚባለው ሃምሳኛው ዓመት ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የተሸጠ መሬት ወደ ባለርስቱ ይመለሳል፣ በድህነት ያደረ ሰው ነጻ ይወጣል። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የዓለምን ታሪክ በአርባ ዘጠኝ በአርባ ዘጠኝ ዓመት እየከፈለ ይተርካል። በኋላ ነገሥታትና ተቋማት ሃያ አምስተኛውን የብር፣ ሃምሳኛውን የወርቅ ብለው ማክበር ለመዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውዳቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲያከብሩ የተሠራው ቤተ መንግሥት ኢዮቤልዩ የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጋዜጣና መጽሔት ግን ያን ያህል አይጠብቁም። ብዙዎቹ አንደኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ስለሚዘጉ፣ አሥራ ሁለት ወር መቆየት ራሱ ለድግስ ያበቃል። (ከዚህ በታች “ዓ.ም.” ያልተባለበት ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የራሳቸውን ሥራዎች ዞረው ከቆጠሩት ጥንታውያን አንዱ ሐኪሙ ጋሌን ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሮም የሠራው ይህ ግሪካዊ፣ ስለ ራሱ መጻሕፍት አንድ ድርሳን እንዲጽፍ ያነሣሣውን ነገር ሲናገር መጽሐፍ ሻጮች በሚበዙበት በሳንዳሊያሪየም ሰፈር ያየውን ያነሣል። ሰዎች ለሽያጭ በቀረበ አንድ መጽሐፍ ላይ ይከራከራሉ፤ ግማሹ የጋሌን ነው ይላል፣ ግማሹ አይደለም ይላል። የጋሌን ስም ስላለበት አንድ ሰው ገዝቶታል። ሌላ፣ በትምህርት የበሰለ ሰው ቀረበና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አነበበ፤ ወዲያውም አነጋገሩ የጋሌን አይደለም፣ ስሙ በሐሰት የተለጠፈ ነው ብሎ ፈረደ። ዝና ለጋሌን ያመጣለት ጣጣ ይህ ነበር፦ ስሙ ገበያ ስላለው የሌላ ሰው ጽሑፍ በስሙ ይሸጣል፤ የራሱም ጽሑፍ ተቆራርጦ በሌላ ስም ይዞራል። ስለዚህ የእርሱ የሆነውን ካልሆነው የሚለይ፣ የትኛው ለማንና መቼ እንደተጻፈ የሚያስረዳ ዝርዝር አወጣ።

ከጋሌን ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ያደረገው ከዚህ የጠለቀ ነው። በ426 እና በ427፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የጻፋቸውን መጻሕፍት በተጻፉበት ቅደም ተከተል እያነሣ ገመገማቸው። የቆጠረው 93 ሥራዎችን ነው፤ በክፍል ሲቆጠሩ 232 መጻሕፍት ይሆናሉ። ስለ እያንዳንዱ የተጻፈበትን ምክንያት ይናገራል፤ ተሳስቻለሁ ያለበትን ቦታ እየጠቀሰ ያርማል፤ በመጨረሻም እንዳይምታታ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቃላት ያስቀምጣል። ደብዳቤዎቹንና ስብከቶቹንም እንዲሁ ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ በ430 ቫንዳሎች ከተማዋን ከብበው ሳለ ስለሞተ አልደረሰም።

ከእነዚህ ሁሉ በአንባቢ ዘንድ የተወደደው “ኑዛዜ” የተባለው ባለ 13 ክፍል መጽሐፉ ነው፤ ይህንንም አውግስጢኖስ ራሱ ያውቅ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ሌሎች ምን እንደሚሰማቸው እነርሱ ይናገሩ፣ ብዙ ወንድሞችን ግን ደስ እንዳሰኘና አሁንም እንደሚያሰኝ አውቃለሁ በሚል መንፈስ ያልፈዋል። እርሱንም ሲጽፈው እንደነካው፣ ሲያነበውም እንደሚነካው አልደበቀም። ነገር ግን አራተኛው ክፍል ላይ ይቆማል። እዚያ የወጣትነት ወዳጁን ሞት ሲተርክ፣ ሁለቱ አንድ ነፍስ ስለነበሩ ወዳጄ ጨርሶ እንዳይሞት ብዬ መሞትን ፈራሁ ብሎ ነበር። ሽማግሌው አውግስጢኖስ ይህን አነጋገር ከከባድ ኑዛዜ ይልቅ ቀላል የንግግር ማሳመሪያ ብሎታል። አንባቢ ያለቀሰበትን መስመር መርጦ ነቀፈው ማለት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ጸሐፊ በተወደደለት ጽሑፍ ላይ ካደረገው ክለሳ ይህን የሚያህል ሐቀኛ ማግኘት ይቸግራል።

በጥንት ዘመን የተወደደውን ካልተወደደው የሚለይ ቁጥር አልነበረም። ቁጥሩ የመጣው ከማተሚያ ቤትና ከሳንቲም ጋር ነው። መጋቢት 1 ቀን 1711 በለንደን መታተም የጀመረው “ስፔክቴተር” ከእሑድ በቀር በየቀኑ የሚወጣ፣ ፊትና ጀርባው የታተመ ባለ አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር፤ ዋጋው አንድ ፔኒ። አዘጋጆቹ ጆሴፍ አዲሰንና ሪቻርድ ስቲል ነበሩ። አዲሰን በአሥረኛው ቁጥር ላይ በቀን 3,000 ቅጂ እንደሚሸጥ አሳታሚው እንደነገረው ጽፎ፣ አንዱን ቅጂ ሃያ ሰው ያነበዋል ብሎ በማባዛት የለንደንና የአካባቢዋ አንባቢው 60,000 እንደሚሆን አስልቷል። ሃያ የሚለው ግምት ለራሱ ያዳላ ይሆናል፤ ነገር ግን ከንቱ አልነበረም፤ አንድ ቅጠል በቡና መጠጫ ቤቶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበርና።

“ስፔክቴተር” እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን 1712 ድረስ 555 ቁጥር ወጣ። በመጨረሻው ቁጥር ስቲል ወደ ኋላ ዞሮ ሒሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የተጣለው የቴምብር ቀረጥ ዋጋውን ወደ ሁለት ፔንስ ከፍ አድርጎ ሽያጩን በግማሽ ያህል እንዳወረደው፣ እንዲያም ሆኖ ተሰብስበው በጥራዝ ከታተሙት እያንዳንዱ ከ9,000 ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይናገራል። እስከዚያ ቀን ጽሑፎቹ ያለ ስም ይወጡ ስለነበር፣ ከየቁጥሩ ግርጌ ያሉት ነጠላ ፊደላት የማን እንደሆኑ ገልጦ ለሌሎቹ ጸሐፊዎች ምስጋናቸውን የሰጠውም እዚሁ ነው።

ከ555ቱ ውስጥ አንባቢ የተጣበቀባቸው ግን ስለ አንድ የፈጠራ ሰው የተጻፉት ናቸው። ሰር ሮጀር ደ ከቨርሊ የገጠር ባላባት ነው፤ ደግ፣ ትንሽ የዋህ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ከጭሰኞቹ ማን እንደቀረ የሚቆጥር። ስቲል በሁለተኛው ቁጥር ፈጠረው፤ አዲሰን አሳደገው። ጥቅምት 23 ቀን 1712 በወጣው ቁጥር 517 ላይ ደግሞ አዲሰን ገደለው፤ ወሬውን ያመጣው የባላባቱ አሽከር የላከው ደብዳቤ ነው። አዲሰን ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ብዕር አንሥቶ እንዳያበላሸው ነው ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሱ የተጻፉት ቁጥሮች ብቻ ተለይተው በሥዕል የታጀበ መጽሐፍ ሆኑ። ስለ ሥነ ምግባር በትጋት የተጻፉት ሌሎች ብዙ ቁጥሮች እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን በዚያው በለንደን “ራምብለር” የተባለውን ጀመረ። የጆንሰን ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ያስፈልገዋል። ጊዜው በ1755 የሚወጣውን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ገንዘብ ያጠረው ጊዜ ነው። ከመጋቢት 20 ቀን 1750 እስከ መጋቢት 14 ቀን 1752 ማክሰኞና ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጊኒ እየተከፈለው፣ 208 ቁጥር አወጣ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ብቻውን ጻፈ፤ ብዙውንም አታሚ እየጠበቀው በጥድፊያ ነበር። ሽያጩ ደካማ ነበር፤ ከአንድ ቁጥር አምስት መቶ ቅጂ እንኳ አይሞላም ነበር።

ከ208ቱ ቁጥሮች በደንብ የተሸጠ የሚባለው አንድ ነው፤ የካቲት 19 ቀን 1751 የወጣው ቁጥር 97። ይህ ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር ከተባሉት አንዱ፣ ማለትም ጆንሰን ያልጻፈው ነው። ጸሐፊው “ፓሜላ” እና “ክላሪሳ” በተባሉት ልብ ወለዶቹ ስሙ የገነነው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ነው። ጽሑፉ ስለ መተጫጨት ነው። የድሮ ልጃገረዶች ቤተ ክርስቲያንና ቤታቸው እንዴት ጨዋ ሆነው ይታዩ እንደነበር፣ የዛሬዎቹ ግን በየጭፈራውና በየመናፈሻው ሲዞሩ ባል ራቃቸው የሚል ምክር አዘል ወቀሳ ነው። ዛሬ ለሚያነበው የደከመ ጽሑፍ ነው። ለምን እንደተሸጠ መገመት ግን አያስቸግርም፤ የገነነ ሰው ብዕር አለበት፣ ጉዳዩ ጋብቻ ነው፣ ደግሞም ድሮ ይሻል ነበር ይላል። በየትኛውም አገር ጋዜጣ ላይ ይህ ሦስትዮሽ አንባቢ አጥቶ አያውቅም።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዛሬ ከ“ራምብለር” መርጠው የሚያነቧቸው ሌሎች ናቸው። ቁጥር 4 በዚያ ዘመን ብቅ ስላለው ልብ ወለድ ይናገራል፤ ቁጥር 60 ደግሞ የሰው ሕይወት ታሪክ እንዴት መጻፍ እንዳለበት። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የባለታሪኩን ሹመትና ዘመቻ ብቻ ሳይሆን የቤት ውስጥ ኑሮውን፣ ጥቃቅን ልማዱን መያዝ አለበት የሚለው የጆንሰን ሐሳብ በኋላ በራሱ ላይ ተፈጸመ፤ ጄምስ ቦዝዌል በ1791 ያሳተመው የጆንሰን ሕይወት ታሪክ በዚሁ መንገድ ተጽፏል። በወጡበት ሳምንት ግን እነዚህ ቁጥሮች ከሌሎቹ የተለየ ገበያ አላገኙም።

ጆንሰን በመጨረሻው ቁጥር ወደ ኋላ ዞሮ ሲናገር የሕዝብ ተወዳጅ እንዳልነበረ አልሸሸገም፤ የማይወደደውን እንዲወደድ አድርጎ ለማቅረብም አልለመነም። የሌሎች እጅ ያለባቸውን ቁጥሮችም በሐቀኝነት ለይቶ አመለከተ። ቁጥሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ሞተች። ቀድሞም ስለ ችሎታህ ጥሩ ግምት ነበረኝ፣ ይህን ያህል ትጽፋለህ ብዬ ግን አላሰብሁም ያለችው እርሷ እንደነበረች ቦዝዌል ጽፏል። ጆንሰን ከዚያ በኋላ ጽሑፎቹን ቃል በቃል እያረመ በጥራዝ አሳተማቸው። በቅጠል ያልተሸጠው በጥራዝ ተሸጠ፤ እርሱ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ ታተመ። አንባቢው አልጠፋም ነበር፤ ማክሰኞና ቅዳሜ እየጠበቀ ሁለት ፔንስ የሚያወጣ ሰው አልነበረም እንጂ።

በሩሲያ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ “የጸሐፊ ማስታወሻ” ያለው ሥራ ነገሩን በሌላ ፊት ያሳያል። በ1873 በአንድ ሳምንታዊ ላይ ዓምድ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1876 እና በ1877 እርሱ ብቻውን የሚጽፈው ወርኃዊ መጽሔት ሆነ። የፍርድ ቤት ክርክር፣ ሕፃናትን ማሠቃየት፣ በባልካን የሚካሄደው ጦርነት፣ ከመንገድ ላይ ያያቸው ሰዎች፣ ሁሉም ይገባበታል። አንባቢዎች ከየአውራጃው ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ እርሱም ይመልስ ነበር። በኅዳር 1876 እትም ላይ ግን የተለመደውን ትቶ “የዋሂቱ” የተባለችውን አጭር ልብ ወለድ ብቻ አወጣ፤ መግቢያው ላይም በማስታወሻው ፈንታ ታሪክ በመስጠቱ አንባቢን ይቅርታ ጠየቀ። ዛሬ ከዚያ መጽሔት በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ተለይተው የሚነበቡት ይቅርታ የተጠየቀባት “የዋሂቱ” እና በሚያዝያ 1877 የወጣው “የአንድ አስቂኝ ሰው ሕልም” ናቸው። በዚያን ጊዜ በጋለ ስሜት ሲነበብ የነበረው የቁስጥንጥንያና የባልካን ፖለቲካ ወደ ተመራማሪዎች መደርደሪያ ሄዷል።

ከዚህ የሚለይ አንድ እትም አለ። “የካራማዞቭ ወንድማማቾች” ልብ ወለዱን ለመጻፍ መጽሔቱን አቋርጦ ሳለ በሰኔ 1880 በሞስኮ ለባለቅኔው ፑሽኪን ሐውልት ምረቃ ንግግር አደረገ፤ አዳራሹ በጭብጨባና በእንባ ተናወጠ። ንግግሩን የያዘችው የነሐሴ 1880 ብቸኛ እትም በጥቂት ቀናት አልቃ እንደገና ታተመች። የፑሽኪን ንግግር ያን ቀንም ተወደደ፣ ዛሬም ይጠቀሳል። ፑሽኪን በእናት ቅድመ አያቱ በአብርሃም ሐኒባል በኩል አፍሪካዊ ደም ስላለው፣ ይህ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። ዶስቶየቭስኪ መጽሔቱን በ1881 ሊቀጥል አስቦ የጥር እትም ለማተሚያ ሰጥቶ ነበር፤ እትሙ አንባቢ እጅ የገባው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

በአማርኛ ጋዜጠኝነት እንዲህ ያለ ዕድሜ ያገኘ ዓምድ ቢፈለግ ከፊት የሚመጣው የጳውሎስ ኞኞ “አንድ ጥያቄ አለኝ” ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለው ጳውሎስ የታሪክ መጻሕፍትን የጻፈ፣ ሥዕል የሚሥል፣ እጁ ያልነካው ሙያ የሌለ ሰው ነበር። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አንባቢ ይጠይቀዋል፣ እርሱ ይመልሳል። ጥያቄው ከታሪክና ከጤና ጀምሮ እስከ ትዳር፣ አንዳንዴም ሊያፋጥጡት ሆን ብለው የሚልኩት ነገር ድረስ ይሄዳል፤ መልሱ አጭር፣ አንዳንዴ ቆንጣጭ፣ ብዙ ጊዜ አስቂኝ ነው። ጳውሎስ “አጤ ምኒልክ”ን፣ “አጤ ቴዎድሮስ”ንና ሌሎችንም ለመጻፍ ዓመታት ደክሟል፤ ተራው ሰው ቡና ላይ ሲያነሣው ግን ቀድሞ የሚመጣው ሁለት መስመር የማይሞላ መልሱ ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት አይደለም። ዓምዱ አንባቢውን ራሱን በስሙ ያስገባ ነበር፤ ጠያቂው የራሱን ጥያቄ ታትሞ ለማየት፣ ጎረቤቱም የጠያቂውን ሲያይ ለመሳቅ ጋዜጣውን ይጠብቃል።

ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን የኋላ እትሞቹን የሚያነሣበት “አዲስ ዘመን ድሮ” የሚል ዓምድ አለው። ዓመት በዓል ሳይጠብቅ የድሮ ዜናና የጳውሎስን ጥያቄና መልስ መልሶ ያወጣል። እዚያ የሚወጡት በዘመናቸው የፊት ገጽ የያዙት ሹመትና ጉብኝት አይደሉም ለማለት ያስደፍራል። የዛሬ አንባቢ የሚፈልገው የጠፋ በሬ ወሬ፣ ያልተለመደ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የዕቃ ዋጋ ነው። በአማርኛ ወግ ስሙ የሚነሣው መስፍን ሀብተ ማርያምም የተረፈልን በመጽሐፍ ስለተሰበሰበ ነው፤ “የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች” ባይታተም ኖሮ እነዚያን ጽሑፎች የሚያገኛቸው የድሮ እትም የሚያገላብጥ ተመራማሪ ብቻ ይሆን ነበር።

ዛሬ የትኛው ጽሑፍ ስንት ሰው እንደከፈተው ኮምፒዩተር ይቆጥራል፤ የአዲሰን ግምት አያስፈልግም። ቁጥሩ ግን በራሱ አይናገርም። አንድ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን እንዴት እንደሚወጣ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሦስት ዓመት ሞላው፣ በቀን 30 ሰው ያነበዋል እንበል፤ ድምሩ 32,850 ይሆናል። ሌላው ሁለት ወሩ ነው፣ በቀን 200 ሰው ያነበዋል፤ ድምሩ 12,000 ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዝርዝር ሲወጣ የመጀመሪያው ከላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው በቀን ስድስት እጥፍ የሚበልጥ አንባቢ ስላለው በዕድሜ ብቻ ተሸነፈ። የጠቅላላ ድምር ዝርዝር ሁልጊዜ ለሽማግሌ ጽሑፍ ያደላል። ሁሉንም በወጡበት የመጀመሪያ ወር ብቻ ማወዳደር ይህን ያስተካክላል፤ ግን ሌላ ጉድለት ያመጣል፣ ቀስ ብሎ የሚገባውን የባሕረ ሐሳቡን ጽሑፍ ይቀብረዋል። በየመስከረሙ ጾሙ መቼ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ የሚጠይቀው ግን በመስከረም ነው።

ከዚህ የከፋው ዝርዝሩ ራሱን የሚመግብ መሆኑ ነው። በብዛት ከተነበቡት ተብሎ የተጠቀሰ ጽሑፍ በመጠቀሱ ምክንያት ደግሞ ይነበባል። ይህን አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት መርተን በ1968 ስለ ሳይንቲስቶች ዝና ሲጽፍ፣ በማቴዎስ ወንጌል ከመክሊት ምሳሌ ወስዶ ስም ሰጥቶታል፤ ላለው ይጨመርለታል በሚለው። በ2006 ደግሞ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ በሙከራ አሳዩት። 14,341 ሰዎች ያልታወቁ ቡድኖች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች ሰምተው የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። ከፊሉ የሌሎችን ምርጫ ሳያይ መረጠ። የቀረው ግን እርስ በርስ በማይተያዩ ስምንት ክፍሎች ተመደበ፤ በየክፍሉ እያንዳንዱ ዘፈን እስከዚያ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ ይታያል። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ የጥቂት ዘፈኖች ድርሻ አበጠ፤ ከስምንቱ ክፍሎች በአንዱ አንደኛ የወጣውም በሌላው ወደ ታች ወርዶ ተገኘ። በጣም ጥሩ የሆነው ዘፈን ጨርሶ አይወድቅም፣ በጣም ደካማው ጨርሶ አያሸንፍም፤ በመካከል ላሉት ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ምርጫ ዕጣቸውን ወሰነ። በመጽሐፍ ገበያም የሽያጭ ዝርዝር እንዲሁ የሚሠራ ኃይል ነው፤ በአሜሪካ “ቡክማን” የተባለው መጽሔት በ1895፣ ኒውዮርክ ታይምስ በ1931 ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ገዢ በዝርዝሩ እየተመራ ሲገዛ ኖሯል።

ስለዚህ ክለሳ የሚያዘጋጅ ሰው ቁጥሩን ካወጣ በኋላ ከየቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሁኔታ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፦ ጽሑፉ መቼ ወጣ፣ በዚያ ሳምንት ምን ተፈጥሮ ነበር፣ ርእሱ ምን ይላል፣ ሌላ ትልቅ ጋዜጣ ጠቅሶት ነበር ወይ። ቁጥር 97ን ያለ ሪቻርድሰን ስም፣ የፑሽኪንን ንግግር ያለ ሐውልቱ ምረቃ መረዳት እንደማይቻለው ሁሉ። ብልህ አዘጋጆች ከአንባቢ ምርጫ ጎን የራሳቸውን አጭር ምርጫ ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ሲሆን አንባቢ ያልታየውን ጽሑፍ ለማየት ምክንያት ያገኛል። ያልተነበበው ሁሉ የተበደለ አይደለም፤ ብዙው በተገቢው ምክንያት ነው ያልተነበበው። ግን ከመካከሉ አንድ ቁጥር 60 ሊኖር ይችላል።

የቀረው ጉዳይ እርማት ነው፤ በዓመት ክለሳ ከሁሉም የሚዘነጋው እርሱ ነው። አብዝቶ የሚነበብ ጽሑፍ ስሕተቱም አብዝቶ ይነበባል። ፓስፖርት ለማውጣት ምን ሰነድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ በወጣበት ዓመት ትክክል ነበር፤ ክፍያውና አሠራሩ ሲቀየር ግን ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚያሳስተው እርሱ ይሆናል፣ አንባቢው አልቀነሰምና። ስለዚህ ፍተሻው ከዝርዝሩ አናት ይጀመራል። ለማረም ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ። ጆንሰን ጽሑፉን ራሱን አስተካክሎ አዲሱን ብቻ አሳተመ፤ ንባቡ ያማረ ይሆናል፣ የመጀመሪያው መልክ ግን የድሮውን ቅጠል ካላገኙ አይታይም። አውግስጢኖስ የድሮውን ሳይነካ እርማቱን ለብቻው ጻፈ፤ መጻሕፍቱ ቀድመው በብዙ እጅ ስለተገለበጡ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ለወግና ለትረካ የጆንሰን መንገድ ይስማማል። ሰው ሊሠራበት ለሚያነበው ጽሑፍ፣ ለሕግ፣ ለጤና፣ ለክፍያና ለቀን ግን የተለወጠው ነገር ከነቀኑ ከጽሑፉ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ጽሑፍና የወጣበት ቀን ከሥሩ ሳይነካ ይቆያል።